እርሾ ጫና ሲመጣበት ጂኖቹን እንዴት ያዛል? ጥያቄና መልስ

የእርሾ ሕዋስ ሙቀት፣ ጨው ወይም ረሃብ ሲያገኘው ጂኖቹ ምን እንደሚሆኑ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት መሞቁን በምን ያውቃል?

መልስ፦ በጉዳቱ። ሙቀት ሲበረታ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ። በደህና ጊዜ ኤችኤስፒ70 የተባሉት ጠጋኝ ፕሮቲኖች ኤችኤስኤፍ1 የተባለውን የጂን አዛዥ ይዘው ያስቀምጡታል። የተበላሸ ፕሮቲን ሲበዛ ጠጋኞቹ ወደዚያ ይሄዱና አዛዡ ነፃ ይወጣል፤ ተጨማሪ ጠጋኝ ያሠራል። ጠጋኞቹ ሲበዙ መልሰው ይይዙታል። አዛዡን የሚያስረው ራሱ የሚያሠራው ፕሮቲን መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ጨውስ?

መልስ፦ ውኃ ከሕዋሱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያሉት ተቀባዮች ሆግ1 የተባለውን ኢንዛይም ያስነሳሉ። እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ዲኤንኤው ወደሚቀመጥበት የሕዋሱ ክፍል፣ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ግሊሰሮል የሚያሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ግሊሰሮሉ ሲጠራቀም ውኃው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ለሁሉም ዓይነት ጫና የሚሆን የጋራ ምላሽ የለም?

መልስ፦ አለ፤ ዋናው ነገር እንዲያውም ይሄ ነው። እርሾ 6,000 ያህል ጂኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት እንዳሳየው 900 ያህሉ ጫናው ሙቀትም ሆነ ረሃብ ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጣሉ። ብዙ ሰው «መከላከያ ጂኖች ይነሳሉ» ብሎ ያልፋል፤ የሚነሱት ግን 300 ገደማ ናቸው፣ 600 ያህሉ ዝም ይላሉ። ዝም ከሚሉት ብዙዎቹ ራይቦዞም፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋሱን ማሽን፣ የሚያሠሩ ናቸው። በፍጥነት የሚያድግ ሕዋስ ከፍተኛ ጉልበት የሚያፈሰው ራይቦዞም ላይ ስለሆነ፣ በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚቆመው እድገት ነው።

ከሚነሱት ብዙዎቹን የሚያዝዙት ኤምኤስኤን2 እና ኤምኤስኤን4 የተባሉት የጂን አዛዦች ናቸው። ስኳር ሲበዛ ፒኬኤ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት እየለጠፈ ከኒውክሊየስ ውጭ ያቆያቸዋል። ጫና ሲመጣ ፎስፌቱ ይነሳል፣ እነሱም ገብተው ዲኤንኤው ላይ አንድ ኤ እና አራት ጂ ያላትን አጭር ምልክት ይይዛሉ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሁለቱ ቢጠፉ እርሾው ይሞታል?

መልስ፦ በሰላም ጊዜ ያለ ችግር ያድጋል፤ ከባድ ሙቀት ወይም ረሃብ ሲመጣ ግን ይጎዳል። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ላርም፦ የጋራው ምላሽ በአብዛኛው ለአሁኑ ጫና ሳይሆን ለሚቀጥለው ነው። አዲስ ፕሮቲን እስኪሠራ ጊዜ ይፈጃልና የመጀመሪያውን ምት ሕዋሱ በያዘው ይቋቋማል። ለስለስ ያለ ጨው የቀመሰ እርሾ ግን በኋላ ሌላውን ሊገድል የሚችል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢገጥመው የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ያላቸው ሕዋሶች ሁሉ እኩል ይዘጋጃሉ?

መልስ፦ አይዘጋጁም። ኤምኤስኤን2 ኒውክሊየስ የሚገባው ብልጭ ድርግም እያለ ነው፤ ብልጭታውም ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያል። በምቹ ጊዜ እንኳ ቀስ ብለው የሚያድጉ ጥቂቶች ይገኛሉ፤ ድንገት ከባድ ሙቀት ሲወርድ ከፈጣኖቹ ይልቅ የሚተርፉት እነሱ ናቸው።