መልስ፦ የነቀዝ ኪኒን ያለበት እህል መኝታ ክፍል ውስጥ

እህቴ፣ ስንዴው ላይ የነቀዝ ኪኒን ጨምረን ጆንያው አጠገብ ብንተኛ ችግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ በጣም አለው! እባክሽ ዛሬውኑ ልጆቹን ይዘሽ ሌላ ቤት እደሪ።

ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩና የእህሉ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚፈጀው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወደ ታች ይተኛል፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው የሚያድሩት ልጆች ጋ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል። ባይሸትሽም ግን አትመኚው።

ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም የደረት መጨነቅ ከመጣ የበላነው ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ማርከሻ የለውም፤ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱና የኪኒኑን ስም ንገሯቸው። ኪኒኑ ላይ ውሃ እንዳታፈሺ፣ ጋዙን ያባብሰዋል።