አባትየውን ለሳቅ ብቻ አትጻፉት

ይድረስ ለፊልም ጽሑፍ ለምትደክሙ ልጆቼ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን እንዳነብላችሁ የሰጣችሁኝን ስክሪፕቶች ጨርሻለሁ። አብዛኞቹ የአባትና የልጅ ኮሜዲ ናቸው። አባት ከገጠር ልጁ ቤት ይመጣል፣ ወይም ልጅ ከውጭ አገር ይመለሳል፤ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ አባት ይጮኻል፣ ተመልካች ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ አባት ተሸንፎ ይተቃቀፋሉ። ልጅየውን ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ምን እንደሚለብስ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ሌሊት ምን እንቅልፍ እንደሚነሳው ሁሉ ጽፋችኋል። አባትየው ግን ጋቢ፣ ከዘራና ጩኸት ነው። ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ፊልም አጋማሹ ላይ ሲደርስ ሳቁ ይደርቃል። አባትየው አራተኛ ጊዜ ሲጮኽ ተመልካቹ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቀዋላ!

«ኢስት ኢዝ ኢስት» የሚባለውን የእንግሊዝ ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ደራሲው አዩብ ካን ዲን መጀመሪያ ለመድረክ ጻፈው፤ ቀጥሎ አየርላንዳዊው ዴሚየን ኦዶኔል ፊልም አድርጎ ሠራው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1971 እ.ኤ.አ.፣ ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ ነው። አባት ከፓኪስታን የመጣ፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጥ ሰው ነው። እናት ኤላ እንግሊዛዊት ካቶሊክ ናት። ሰባት ልጆች አሏቸው። አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ሕንዳዊው ኦም ፑሪ ነው።

ገና ሲጀምር ልጆቹ የካቶሊኮችን የበዓል ሰልፍ አጅበው በሰፈሩ ያልፋሉ። አባት ከመስጊድ ቀድሞ ተመልሶ መንገድ ዳር ቆሟል። እናት ትጠቁማቸዋለች፤ ልጆቹ በጓሮ በኩል ሮጠው አባታቸው የማያይበትን ቦታ ያልፉና ተመልሰው ሰልፉን ይቀላቀላሉ። ብዙ ሳይነገር የቤቱን ነገር ሁሉ አየነው። እናንተ ይህን ለማስረዳት ሦስት ገጽ ንግግር ትጽፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን የምትከታተሉት አባትየውን ይሁን። ልጁ ታሪቅ ማታ ጭፈራ ቤት ሲሄድ ስሙን «ቶኒ» ይላል፤ አባት የሚቆጣው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ ዛሂር ሆኖ ሳለ ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆርጅ» ብሎ ነው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው። በልጆቹ እንዲህ የሚቆጣው አባት፣ እንጀራውን ለማብሰል የራሱን ስም ከጣለ ስንት ዘመኑ! ዋሺንግተን ወይም ለንደን ያደጋችሁት ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስማችሁን ለትምህርት ቤት ያሳጠራችሁ አላችሁ፤ አባታችሁም በሥራ ቦታው በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል።

ዜናውንም ልብ በሉ። በ1971 መጨረሻ ሕንድና ፓኪስታን ጦርነት ላይ ነበሩ፤ ምሥራቅ ፓኪስታን ተገንጥላ ባንግላዴሽ ሆነች። አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜናውን ይከታተላል። ደጅ ሲወጣ ደግሞ ስደተኛ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓወልን የሚደግፍ ጎረቤት አለ። አገሩ እየተሰነጠቀች፣ የኖረበት ሰፈር ሂድልን እያለው፣ ልጆቹ ከእጁ እያመለጡ ነው። ልጆቹን በግድ ሊድራቸው ሲነሳ እናዝንበታለን፣ እንስቅበታለን፤ ከየት እንደመጣበት ግን ገብቶናል።

ይህን ስል አባትን ነጻ አውጡት ማለቴ አይደለም። ያ ሰው ሚስቱንና ልጁን ይደበድባል። እዚያ ላይ ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ፊልሙም ድብደባውን በቀልድ ሊሸፍነው አይሞክርም። የእናንተ ስክሪፕቶች ውስጥ ግን አባት በጥፊ ሲመታ እንኳ ያው ሳቅ ነው። ይህንን አልወደድኩትም፤ አውጡት ወይም ክብደቱን ስጡት።

ካን ዲን የጻፈው የገዛ ወላጆቹን ነው። ኮፍያ ያለው ጃኬቱን ከላዩ የማያወልቀው ትንሹ ልጅ ሳጂድ እሱ ራሱ ነው። እንዲያ ባለ ቤት ያደገ ሰው ነው ለአባትየው ያንን የሻይ ነገር የጻፈለት፦ ኤላ ሻይ ትጠጣለህ ባለችው ቁጥር መልሱ ግማሽ ስኒ ነው። ያ ሁሉ ጉድ ከሆነ በኋላም ሱቃቸው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ትጠይቀዋለች፤ ግማሽ ስኒ ይላታል። ታረቁ አይባልም፣ ተለያዩም አይባልም።

እኔ ይህን በጊዜው አላወቅኩም ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ኮሜዲ ኤዲት አደርግ ነበር። አባት ከገጠር መጥቶ ልጁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገበታ ላይ ይቆጣል፤ መሶቡ ይገለበጣል። ተዋናዩ ጮኾ ሲጨርስ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ» ሳይል ትንሽ ቆየ። ሰውየው ጎንበስ አለ፣ መሬት የወደቀውን ቁራሽ እንጀራ አነሳ፣ ሳመው፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ስክሪፕቱ ላይ የለም፤ የእናቱ ቤት ልማድ ከእጁ ወጣበት። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ሳቁን ያቀዘቅዘዋል ብዬ ቆረጥኩት፤ ማንም ቁረጠው አላለኝም፤ የራሴ ውሳኔ ነበር። ፊልሙ ወጣ፣ ተሳቀ፣ ተረሳ። በእነዚያ ሰከንዶች ሰውየው ለምን እንደሚቆጣ ተነግሮ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ረቂቅ ልጅየው የሌለበት አሥር ገጽ ጻፉልኝ። አባትየው ብቻውን ሲሆን ምን ያደርጋል? ሲነጋ መጀመሪያ የሚያነሳው ዕቃ ምንድን ነው? በልጅነቱ ማን ይቆጣው ነበር? ካልመጣላችሁ ወደየአባታችሁ ሂዱና አስወሩት፤ በሕይወት ከሌለ የሚያውቁትን ጠይቁ። ከአሥሩ ገጽ ዘጠኙ ፊልሙ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ግዴለም።

ያ አሥራ አንድ ሰከንድ አሁንም ሃርድ ዲስኬ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሌ ክፍት ነው፤ ስትመጡ መጀመሪያ እሱን አሳያችኋለሁ፣ ከዚያ ረቂቃችሁን እናነባለን።