28 ኮር ወይስ 16? ያገለገለ ሰርቨር ለሚገዙ

ጥያቄ፦ ለቢሯችን ያገለገለ ሰርቨር ልንገዛ ነው። አንደኛው ሁለት ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰር አለው፤ በድምሩ 28 ኮር (ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ የስሌት ክፍል ነው)፤ ሌላኛው አንድ ኤኤምዲ ኤፒክ 7302ፒ ብቻ፣ 16 ኮር። ራማቸው እኩል 256 ጊጋባይት ነው። ስድስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደየራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ) እናስኬዳለን፤ ዋናው የሒሳብ ፕሮግራማችን ዳታቤዝ ነው። ባለ 28 ኮሩ እያለ ሻጩ ለባለ 16ቱ የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል። ምን አይተን እንምረጥ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለዚህ ሥራ ኤፒኩ ይሻላችኋል። ዚዮኑ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሮድዌል ትውልድ ነው፤ ኤፒኩ በ2019 የመጣ የዜን 2 ትውልድ። ዚዮኑ ላይ የተጻፈው 3.3 ጊጋኸርትዝ የሚገኘው አንድ ሁለት ኮር ብቻ ሲሠራ ነው፤ ሁሉም ሲጠመዱ ወደ 2.9 ይወርዳል፤ መነሻው ደግሞ 2.4 ነው። የኤፒኩ መነሻ 3.0፣ ጣሪያው 3.3 ነው። በእኩል ጊጋኸርትዝ እንኳ የዜን 2 ኮር የበለጠ ሥራ ይጨርሳል። የሒሳብ ፕሮግራም ሪፖርት ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አንዱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) በአንድ ኮር ላይ ነው የሚሄደው፤ የቀሩት 27ቱ ምንም አያግዙትም።

ካሹም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ) ይለያያል። እያንዳንዱ ዚዮን 35 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ለ14 ኮር ያካፍላል፤ ለአንድ ኮር 2.5 ሜጋባይት ይደርሰዋል። ኤፒኩ 128 ሜጋባይት አለው፤ ለአንድ ኮር 8። ግን 128ቱ አንድ ላይ አይደለም፤ ስምንት ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ 16 ሜጋባይት ለሁለት ኮር ብቻ ያገለግላል።

ራም ላይ ዚዮኑ አራት ቻናል (በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለ የዳታ መንገድ) ዲዲአር4-2400 ነው፤ በስሌት በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት፣ ለሁለቱ 153.6። ኤፒኩ ስምንት ቻናል ዲዲአር4-3200፣ 204.8 ጊጋባይት። እዚህ ላይ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ 256ቱ በስንት ራም ነው የተሞላው? ስምንት ባለ 32 ከሆነ ጥሩ ነው። አራት ባለ 64 ከሆነ የኤፒኩ ግማሽ ቻናል ባዶ ነውና ፍጥነቱ ወደ 102.4 ይወርዳል፤ በዚያ ዋጋ አትግዙት።

ባለ ሁለት ሶኬቱ (ሁለት ፕሮሰሰር የተገጠመለት) ዚዮን ላይ ራሙ 128 እና 128 ሆኖ ይከፈላል። ለዳታቤዙ ከ14 ኮር ወይም ከ128 ጊጋባይት በላይ ከሰጣችሁት ከፊሉ ዳታ በሌላኛው ፕሮሰሰር በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ይዘገያል። ባለ አንድ ሶኬቱ ኤፒክ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ ኤንፒኤስ1 (ራሙን ሁሉ እንደ አንድ ክፍል የሚያሳይ ቅንብር) ሆኖ ከተተወ ይህ ጣጣ የለበትም።

ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ የምታስኬዱት፣ ላይሰንሱ የሚቆጠረው ባሉት ኮሮች ሁሉ ነው፤ ዝቅተኛው በሰርቨር 16። ስለዚህ ለኤፒኩ 16፣ ለዚዮኖቹ 28 ትከፍላላችሁ። በርካሽ የተገዛው ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ግን ይህ ነጥብ ይቀራል።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ የሁለቱ ዚዮኖች ቲዲፒ (አምራቹ ለጭነት ጊዜ የሚሰጠው የኃይል መጠን) በድምሩ 240 ዋት፣ የኤፒኩ 155 ነው። የ85 ዋቱ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ በጭነት ቢሠራ ወደ 745 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፤ መብራት ሲሄድም የዩፒኤሱን ባትሪ ቶሎ ያደርቀዋል። ሰርቨሩ ሥራ ሲፈታ ልዩነቱ ይጠባል፤ የኤፒኩ መሐል ላይ ያለው፣ ኮሮቹን ከራሙና ከሌላው ክፍል ጋር የሚያገናኘው የአይኦ ቺፕ ሥራ ባይኖርም ኃይል ይወስዳልና።

ብዙዎች የሚረሱት ከፍታን ነው። አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ኤ2 በሚባለው ደረጃ የሰርቨር ክፍል ሙቀት ጣሪያው 35 ዲግሪ ቢሆንም፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነስለታል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው። ሁለት የሚሞቁ ፕሮሰሰሮች በስስ አየር ሲቀዘቅዙ ፋኑ ይጮኻል።

ሥራችሁ ባክአፕ፣ ፋይል ማከማቻ ወይም መለማመጃ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ዚዮኑን ግዙ እንል ነበር። ለ28 ኮር እኩል የሚከፋፈል ሥራ፣ ለምሳሌ ፋይል መጭመቅ ወይም ቪዲዮ መቀየር ላይም አሁንም ጥሩ ተፎካካሪ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ አንድ ሰዓት ቢሰጠን ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሡ። በመጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ሞዴል ከሲስተሙ ላይ አንብቡ፤ ተለጣፊ ወረቀት አትመኑ። ኤፒክ 7282ም ባለ 16 ኮር ነው፤ ካሹ ግን 64 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን የራም ፍጥነቱም ከ7302ፒ በጣም ያነሰ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ራም በስንት ፍጥነት እየሠራ እንደሆነ እዩ። 3200 ተብሎ 2400 የሚያሳይ ከሆነ ከአሮጌ ዚዮን ሰርቨር የተነቀለ ራም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ባዮሱ ላይ የኃይል አጠቃቀሙን ለሁለቱም ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ቀይሩና የፋይል መጭመቂያውን የሰቨን-ዚፕን መለኪያ መጀመሪያ በአንድ ትሬድ (ኮር ላይ የሚሄድ አንድ የሥራ መስመር)፣ ቀጥሎ በሁሉም ትሬድ ለ15 ደቂቃ አስኪዱት፤ ጊጋኸርትዙንና ሙቀቱን እየተከታተላችሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጊጋኸርትዙ ከመነሻው በታች ከወረደ ወይ ፔስቱ (ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ደርቋል፣ ወይ ፋን ቆሟል፣ ወይ አቧራ ሞልቶታል።

የራም ፍጥነት ስትሪም በሚባለው የመለኪያ ፕሮግራም ሲለካ አንድ ወጥመድ አለ። የፕሮግራሙ መደበኛ መጠን 10 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ አንዱ ድርድር (በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች ስብስብ) 80 ሜጋባይት ብቻ ስለሚሆን ኤፒኩ ከፊሉን ከካሹ ሊያነበው ይችላል፤ ውጤቱም የውሸት ያማረ ሊሆን ይችላል። ድርድሩ የካሹን ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን፦ ለኤፒኩ ወደ 67 ሚሊዮን ቁጥር። ውጤቱ ከስሌቱ ከግማሽ በታች ከሆነ የጎደለ ቻናል ፈልጉ። በመጨረሻም የሰርቨሩን የስህተት መዝገብ ክፈቱ፤ አንድ ራም ላይ የተደጋገመ የኢሲሲ (ራሙ ራሱ የሚያገኘውና የሚያርመው) ስህተት ካለ ያ ራም ይቀየር።

ጥያቄ፦ ኤፒክ ፕሮሰሰር ለብቻው ገዝተን ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ብንገጥመው አልነሣም አለ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ የሰርቨር አምራቾች ፒኤስቢ የሚባለውን መከላከያ ሲያበሩ ፕሮሰሰሩ በእነሱ ቦርድ ብቻ እንዲነሣ ለዘለቄታው ይቆለፋል፤ በሶፍትዌር አይፈታም። ሲገዙ «ከየትኛው ሰርቨር ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ባዮስ ነው፤ ለ7001 ተከታታይ የተሠራ ቦርድ ባዮሱ ካልታደሰ 7302ፒን አያውቀውም። 7302ፒ ላይ ያለው «ፒ» ደግሞ ለአንድ ሶኬት ብቻ ማለት ነው፤ ሁለቱን ጥንድ አድርጎ ማሠራት አይቻልም።

ተነሥቶ ራም ከጎደለው ግን ብሎኖቹን እዩ። ሶኬቱ 4,094 ፒን አለው፤ ጫናው ካልተመጣጠነ የተወሰነ ቻናል አይገናኝም። በቲ20 ቶርክስ በ1፣ 2፣ 3 ተራ ይጠበቃል፣ በ3፣ 2፣ 1 ይፈታል፤ ጥብቀቱ 1.6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ነባሩ ሰርቨራችን ኢንቴል ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ሳናጠፋ ወደ ኤኤምዲ ማዛወር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አጥፍታችሁ፣ አዛውራችሁ ታስነሣላችሁ። ራም ጨምሮ የተቀመጠ ስናፕሾት (የማሽኑ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ወይም ባለበት የቆመ ማሽን በሌላው ላይ ስለማይቀጥል፣ ቀድማችሁ ስናፕሾቶቹን አጥሩና ማሽኖቹን በደንብ ዝጉ። ዊንዶውስ እንደገና አክቲቬሽን ሊጠይቅ ስለሚችል ቁልፉን አጠገባችሁ ያዙ።