እህትን በሞግዚትነት ቀጥሮ የመንግሥት ድጎማ ማግኘት ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ነሽ፤ አንቺም ባለቤትሽም በፈረቃ ትሠራላችሁ፤ ሁለት ልጆች አሏችሁ። አዲስ አበባ በሕፃናት አያያዝ የሠለጠነችው ታናሽ እህትሽ የሥራ ፈቃድ ይዛ አጠገብሽ ናት። እሷን በሞግዚትነት ብቀጥር መንግሥት ከክፍያው ያግዘኛል ወይ ነው ያልሽው።

አያግዝሽም። ነገሩን ሳላዞር የነገርኩሽ፣ በዚህ ተስፋ እህትሽ የያዘችውን ሥራ እንዳትለቅ ብዬ ነው። ለእኛ ልጅ ጠባቂ ማለት መጀመሪያ አክስትና አያት ናቸው፤ ሕጉ ግን በተቃራኒው ይሄዳል። አክስት በልጁ ቤት ውስጥ ለምትሰጠው እንክብካቤ፣ ብትመዘገብም እንኳ፣ ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር የሚባለው የልጅ ጥበቃ ድጎማ አይከፈልም። የሚቻለው እህትሽ በቤቷ ልጅ የምትጠብቅ ባለሙያ ሆና ከተመዘገበች፣ ከልጆችሽ ሌላም ቢያንስ አንድ የባዳ ልጅ ከያዘች ነው።

ባዳ ሞግዚት ከቀጠርሽ ግን መንገዱ ክፍት ነው። አንቺ 80 ፔንስ ስታስገቢ መንግሥት 20 ይጨምራል፤ ለአንድ ልጅ በየሦስት ወሩ እስከ 500 ፓውንድ፣ በዓመት እስከ 2,000። ሁለታችሁም ቢያንስ በሳምንት 16 ሰዓት በዝቅተኛው የደመወዝ ተመን የሚሠራ ሰው የሚያገኘውን ያህል ማግኘት አለባችሁ። ከሁለት አንዳችሁ ብቻ እንኳ በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ካገኘ ግን ሁሉም ይቀራል። ይህ ችግር እኛን አያሰጋንም!

እኔ የተሳሳትኩት ሞግዚቷ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ሞግዚታችን ከኮሌጅ በሕፃናት እንክብካቤ የተመረቀች፣ የአሥር ዓመት ልምድ ያላት ሴት ነበረች። የምስክር ወረቀቷን አይቼ በቃኝ፤ ልጅ ጠባቂዎችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኦፍስቴድ፣ መዝገብ ቁጥሯን አልጠየቅኩም። መሠልጠን ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ መሆኑን ያወቅኩት የመጀመሪያውን ደመወዝ ልከፍል ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ነው። ስሟን ብፈልግ የለም። እንግሊዝ ውስጥ ሞግዚት በኦፍስቴድ የመመዝገብ ግዴታ የለባትም፤ ካልተመዘገበች ግን ድጎማው አይነካትም። ለመመዝገብ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ፣ የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፣ የሙያ ሥልጠና ማስረጃና ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ወራት ሄዱ፤ እኛም ያለ ድጎማ ከኪሳችን ከፈልን። ስለዚህ ሞግዚት ስታነጋግሪ ከደመወዙ በፊት ቁጥሩን ጠይቂ።

ሌላም ሞኝነት ሠርቻለሁ። ድጎማው የሚጨመርበት የተለየ ሒሳብ ለእያንዳንዱ ልጅ ይከፈታል። እኔ ጊዜ ልቆጥብ ብዬ የሩብ ዓመቱን ገንዘብ በሙሉ በትልቁ ልጅ ሒሳብ ውስጥ ከተትኩት። ጭማሪው 500 ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የትንሿ ሒሳብ ባዶውን ተቀምጧል። ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆሞ «ልጅቷ ገና በሁለት ዓመቷ ተበደለች» አለኝ። ያን ቀን አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ሰው የማይነግርሽ ይህንን ነው። የእኛ ሞግዚት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ትሠራለች፤ በሰዓት 15 ፓውንድ። በዓመት 18,720 ይሆናል። ሞግዚት ስትቀጥሪ አሠሪ ነሽ፤ «የራሷን ሥራ የምትሠራ ናት» ብለሽ ማለፍ በአብዛኛው አይሠራም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አሠሪ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ይከፍላል፤ ለእኛ 2,058 ፓውንድ ማለት ነው። በደመወዟ ከፊል ላይ ብቻ በሚታሰበው የጡረታ 3 በመቶ ደግሞ 374 ይጨመራል። የሁለት ልጆች ድጎማ ሞልቶ ቢመጣ 4,000 ነው፤ ተቀናንሶ የሚተርፈኝ 1,568። አንድ ልጅ ብቻ ቢኖረኝ ድጎማው የአሠሪነቱን ወጪ እንኳ አይሸፍንም ነበር። የዓመት ፈቃዷም በክፍያ ነው፤ 5.6 ሳምንት፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ ልጆቹን የሚይዝ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ።

ደመወዙንም ስትስማሙ ግብር ሳይቀነስ ባለው ተነጋገሩ። ብዙ ሞግዚቶች «በእጄ ይህን ያህል» ይላሉ። በዚያ ከተስማማሽ ምን ያህል ግብር እንደሚቆረጥባት የሚወስነው የግብር ኮዷ በተለወጠ ቁጥር ልዩነቱን የምትከፍይው አንቺ ነሽ።

ታዲያ ለምን ሞግዚት ያዝሽ ትይኝ ይሆናል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ፈረቃዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ሰፈራችን ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። ባለቤቴ ባቡር ነጂ ነው፤ የእሱን ፈረቃ አልነግርሽም። መንግሥት በሳምንት የሚሰጠውን 30 ነፃ የልጅ ጥበቃ ሰዓት ቤት ለምትመጣ ሞግዚት መክፈያ ማድረግ አይቻልም፤ እሱን በሌሎቹ ቀናት በመዋዕለ ሕፃናቱ እንጠቀምበታለን።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) የምታገኙ ከሆነ ግን የታክስ ፍሪ ቻይልድኬርን ማመልከቻ አሁን እንዳትነኪው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከልጅ ጥበቃ ወጪ እስከ 85 በመቶ ድረስ፣ በወርኃዊ ጣሪያ፣ ስለሚመልስ ለብዙ ቤተሰብ እሱ ይሻላል። ሁለቱንም በወረቀት ላይ አስልተሽ እዪው።

ከጀመርሽ ደግሞ በየሦስት ወሩ ሁኔታችሁ እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ አለብሽ። እኔ አንድ ጊዜ በፋሲካ ሳምንት ረስቼው ጭማሪው ቆሞ አገኘሁት። አሁን ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ ቀኑን በቀይ አከብበዋለሁ፤ ትልቁ ልጄ የምን በዓል ነው እያለ ይጠይቀኛል።