የናሱ እጀታ ባክቴሪያውን ለምን አልቀነሰም?

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያችንን የሕሙማን ክፍሎች የበር እጀታ ከእስታንለስ ስቲል ወደ ናስ ቀየርን። ከሦስት ወር በኋላ ናሙና ሲወሰድ የባክቴሪያው መጠን ከድሮው አላነሰም። እጀታዎቹ ግን አሁንም እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ። ምን አጎደልን?

መልስ፦ ነገሩ ያለው «እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ» ያሉት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ እጅ የሚነካው ራቁት ናስ በሦስት ወር ይወይባል። ካልወየበ ፋብሪካው ቫርኒሽ ቀብቶታል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው ከናሱ ገጽ የሚወጣው የመዳብ አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው የመዳብ ቅንጣት) ነው፤ በመሐል ስስ ቫርኒሽ ካለ ባክቴሪያው ያረፈው ናስ ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ ላይ ነው።

ለማረጋገጥ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ይዋሱ። በሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ሳይቧጭሩ እጀታው ላይ ያሳርፉ። ቫርኒሽ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ካልጮኸ ተቀብቷል። ቀጥሎ የማይታየውን ጠርዝ በሞረድ ትንሽ ይሞርዱ። ቢጫው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ናስ ነው። ግራጫ ከወጣ ግን በናስ የተለበጠ ዚንክ ወይም ብረት ስለሆነ አይድከሙበት፤ ለሻጩ ይመለስ። ማግኔት ብቻውን አይለይም፣ ዚንክንም እንደ ናስ አይዘውምና።

ናስ ከሆነ እጀታውን ከበሩ ይፍቱ፤ ቫርኒሹን የሚያነሳው አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ) የበሩንም ቀለም ያነሳል። መስኮት ከፍተው፣ እሳት በሌለበት፣ ጓንት አድርገው አሴቶን በነከረ ጨርቅ ይጠቅልሉትና አሥር ደቂቃ ያህል አቆይተው ይጥረጉት። አሴቶን ካልበገረው በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት። በሳሙና አጥበው ሲደርቅ በቴስተር ይድገሙት፤ በተለይ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ሁሉ መጮህ አለበት።

ከዚያ ይጠቁራል፤ ይተዉት፣ መጥቆሩ ሥራውን አያስቆመውም። ጽዳት ሠራተኞቹ እንዲያበራ ብለው ሰም ያለው ማወልወያ ከቀቡት ግን ሌላ ቫርኒሽ ሆነ ማለት ነው። የዕለት ጽዳቱ በሳሙና ይቀጥል፤ ላብና ቅባት የጋገረበት ናስም እንደተቀባ ይቆጠራል። 0.5 በመቶ ክሎሪን ካስፈለገ (አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ) አሥር ደቂቃ ቆይቶ በንጹህ ውሃ ይጠረግ፤ ክሎሪኑ ሳይጠረግ ከቀረ ብሎኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት ይጀምራል። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ያርቁ፣ ናስን ይሰነጥቃል። ብሎኖቹም ናስ ይሁኑ፤ ተራ ብረት ናስ አጠገብ እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይበላል።

ናሙና አወሳሰዱም ሊያሳስት ይችላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. የመዳብ ቅይጦችን ሲመዘግብ የፈቀደው አባባል 99.9 በመቶ ባክቴሪያ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይሞታል የሚል ነው፤ ወዲያው አይደለም። በተመላላሽ ሕሙማን ግርግር መሐል የተወሰደ ናሙና ከደቂቃ በፊት የነካው እጅ የተወውን ያሳያል። ስለዚህ አንዱን በር በእስታንለስ እጀታ ይተዉት፤ ተመሳሳይ የሰው ምልልስ ካለበት የናስ እጀታ ጋር በአንድ ጊዜ፣ ከእኩል ስፋት ናሙና እየወሰዱ ለተከታታይ ሳምንታት ያወዳድሩ።