መልስ፦ በእንግሊዝኛ «ሪፕ ኦፍ» (rip off) ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ወንድሜ፣ አለቃህ «ዘ ሳፕላየር ሪፕት አስ ኦፍ» ያለው አቅራቢው በላን፣ ከሚገባው በላይ አስከፈለን ለማለት ነው። «ሪፕ» ብቻውን መቅደድ ነው፤ «ኦፍ» ሲከተለው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። «ሚ» (እኔን)፣ «አስ» (እኛን)፣ «ሂም» (እሱን) ሁልጊዜ በ«ሪፕ» እና በ«ኦፍ» መሃል ይገባሉ፤ «ሪፕት ኦፍ ሚ» አይባልም። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ኮንትራት ይዘህ ሾፌሩ ለአገሩ እንግዳ መሆንህን አይቶ እጥፍ ቢያስከፍልህ «አይ ጎት ሪፕት ኦፍ» ትላለህ፤ እኛ «ተበላሁ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ስም ሆኖም ይመጣል፦ «ዋት ኤ ሪፕ ኦፍ!» ውድ የሆነ ሁሉ ግን ሪፕ ኦፍ አይደለም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተህ የ21 ካራት ቀለበት ዋጋ ቢያስደነግጥህ፣ ወርቁ የተባለው ከሆነና ዋጋው ከገበያው ካልራቀ ውድ ነው፣ በቃ። 18 ካራቱን 21 ነው ብለው ከሸጡልህ ግን በደንብ ተበልተሃል።

ለአቅራቢው በምትጽፈው ደብዳቤ ላይ እባክህ እንዳታስገባው። የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ሌባ ብሎ እንደመስደብም ይቆጠራል። እዚያ ላይ «ኦቨርቻርጅ» (ከሚገባው በላይ ማስከፈል) በል።