የማይበላ ፍሬ የሚያፈራው በለስ ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። በማሳዬ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ውስጥ ማንም ሳይተክላቸው የበቀሉ ሦስት ዛፎች አሉ። እናቴ «በለስ ነው» ትላለች፤ መቐለ የኖረው ወንድሜ ግን በለስ ማለት እሾሃሙ ተክል ነው እያለ ይከራከራታል። የአንዱ ዛፍ ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል፣ ይጣፍጣልም፤ ነገር ግን አፌን ይቆነጥጠኛል። የሁለቱ ፍሬ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ሲከፈትም ጥቃቅን ነፍሳት ይወጡበታል። እነዚህን ሁለቱን ለማገዶ ቆርጬ ጣፋጩን ማባዛት እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? የቅጠሉንና የፍሬውን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መጥረቢያውን ለጊዜው ያስቀምጡት።

ከስሙ ክርክር እንጀምር፤ እናትዎ ትክክል ናቸው፣ ወንድምዎም አልተሳሳቱም። በትግራይም ሆነ በአዲስ አበባ መንገዶች በጋሪ እየተላጠ የሚሸጠው እሾሃም በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ የቁልቋል መሰል ተክል ፍሬ ሲሆን፣ ከእርስዎ ዛፍ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው፣ እንደ ላም ምላስ የሚሻክር፣ ጠርዙ የተጠረበና አንዳንዴም እንደ መዳፍ የተከፈለ ቅጠል የዱር በለስ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ፓልማታ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1775 በታተመው የስዊድናዊው ተመራማሪ የፔር ፎርስኮል ሥራ ውስጥ ተገልጿል። ዋርካም ሾላም የዚሁ ከ800 በላይ ዝርያ ያለው ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የዱር በለስ ግን ይበልጥ የሚቀርበው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ለበሱት ለሚባለው፣ በእርሻ ለሚለማው በለስ ነው። ከእኛ አገር አንስቶ በየመንና በኢራን በኩል እስከ ሂማልያ ተራሮች ግርጌ ድረስ በደረቅ ተዳፋትና በገደል ስንጥቅ ይበቅላል፤ የእርስዎን ካብ መምረጡም አያስደንቅም።

አሁን ወደ ሁለቱ «መካን» ዛፎች እንመለስ። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ወንዴ ፓፓያና ሴቴ ፓፓያ እንደሚለው ሁሉ የዱር በለስም ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው፤ ልዩነቱ የበለስ ወንዴ ዛፍም ፍሬ የሚመስል ነገር መያዙ ነው። በለስ ሳያብብ የሚያፈራ የሚመስለን አበባው ወደ ውስጥ የዞረ ስለሆነ ነው። አንዱን ደረቅ ፍሬ በቢላ ለሁለት ቢከፍሉት፣ መጀመሪያ ነጭ ወተቱ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦችን ያያሉ፤ በመካከላቸው የሚርመሰመሱት ነፍሳት ከትንኝ ያነሱ ተርቦች ናቸው። ተርቧ በወንዴው ፍሬ ውስጥ ተፈልፍላ፣ የአበባውን ዱቄት ተሸክማ ትወጣና ሌላ ፍሬ ፍለጋ ትበራለች። የሴቴውን ፍሬ ካገኘች በአናቱ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ክንፏ እስኪረግፍ ድረስ ተጣብቃ ትገባለች፤ በዚያ ያሉት አበቦች አሠራራቸው እንቁላል ለመጣል ስለማይመቻት ዱቄቱን አራግፋ እዚያው ትሞታለች። የእርስዎ ጣፋጭ ፍሬ ዘር የሚይዘውና ሳይረግፍ የሚበስለው በዚህች ተርብ ድካም ነው። (ይህን ያነበበ ጾመኛ በጾም ወራት በለስ ይበላል ወይ ብሎ ቢጠይቀን፣ መልሱን ለነፍስ አባቱ እንተዋለን።)

ስለዚህ ሁለቱንም ቢያጠፏቸውና በአቅራቢያዎ ሌላ ወንዴ ዛፍ ባይኖር፣ ሦስተኛው ፍሬውን ገና በጥሬው ሊያራግፍብዎት ይችላል። ቦታ ከጠበበዎት አንዱን ያንሱ፤ አንዱ ግን ይቆይ። እንጨቱም ልል ስለሆነ ለምድጃ ብዙ አይረባዎትም፤ ቆሞ ካቡን በሥሩ ቢይዝልዎትና በበጋ ቅጠሉን ለፍየል ቢመለምሉለት ይሻላል።

አፍዎን የሚቆነጥጥዎት ከልጣጩ ሥር ያለው ወተት ነው። የሂማልያ ሰዎች የበሰለውን ፍሬ ከመብላታቸው በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ እርስዎም ይሞክሩት። ፍሬው ለስላሳ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ይበላል፤ ከተረፈም ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ወተቱን በቆዳ ላይ ለሚወጣ ኪንታሮት የሚቀቡ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሆኖም የበለስ ወተት የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል አንመክርም። ሲቆርጡም ሆነ ሲለቅሙ እጅዎን ቶሎ ይታጠቡ።

ለማባዛት ከዘር አይጀምሩ፤ ከዘር የሚበቅለው ወንዴ ይሁን ሴቴ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ሲያፈራ ነው። ከጣፋጩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን እንደ እናቱ ሴቴ ይሆናል። የአውራ ጣት ውፍረትና የአንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ የጠነከረ ቅርንጫፍ ክረምቱ ሊገባ ሲል ቆርጠው፣ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ሥር አቆይተው፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ይትከሉት። ሥሩ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያልፍ ስለሆነ ከቤት መሠረትና ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ። ቅጠላቸው ሲረግፍ ሦስቱ ዛፎች ስለሚመሳሰሉብዎት፣ ፍሬው አሁን ላዩ ላይ ሳለ በጣፋጩ ዛፍ ላይ ጨርቅ ይሰሩበት።